የጊች መንደር ፎቶ የታለ? ስለ ካሜራ፣ ስለ ሰሜን ተራሮችና ልንከተላቸው ስለሚገቡ ፎቶ አንሺዎች

እስቲ ስልካችሁን አውጡና «ሰሜን ተራሮች» ብላችሁ ፎቶ ፈልጉ። ምን እንደሚመጣላችሁ ሳላይ ልንገራችሁ። አንደኛ፣ ጎፈሬውን ነፋስ የሚበትነው፣ ደረቱ ላይ ቀይ ምልክት ያለበት ወንድ ጭላዳ። ሁለተኛ፣ ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ እጁን እንደ ንስር የዘረጋ ቱሪስት። ሦስተኛ፣ ጉም ውስጥ ብቻዋን የቆመች ጅባራ። ዕድል ከቀናችሁ ደግሞ ዋሊያ ይመረቅላችኋል።

ሰውስ? ሰው የለም። ካለም ጠመንጃ ያነገተ ስካውት ነው፤ እሱም ጀርባውን ሰጥቶ።

ነገሩን ከባድ የሚያደርገው እዚያ ሰው መኖሩ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 3,600 ሜትር ግድም ላይ፣ ገብስ እየዘራ፣ በግና ፍየል እያረባ ትውልድ የተካ መንደር ነበር፤ ጊች ይባላል። «ነበር» ያልኩት ዛሬ ስለሌለ ነው። በ2016 የመንደሩ 418 አባወራዎች ከነቤተሰባቸው ወደ ደባርቅ ከተማ ዳርቻ ተዛውረዋል። ከሁለት ሺህ በላይ ሰው ማለት ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ እንዳትምታቱ።)

እንግዲህ ጥያቄዬ ይሄ ነው። በአገሪቱ በካሜራ ብዙ ከታዩ ቦታዎች አንዱ ሰሜን ተራሮች ሆኖ ሳለ፣ እዚያ ይኖር የነበረው ሰው እንዴት ከፎቶው ወጣ? ከዚያም የሚከተለው ጥያቄ የእናንተም የእኔም ነው፤ በየቀኑ ስልካችን ላይ ከሚዘንበው የፎቶ መዓት የማንን ብንከተል ነው አገራችንን በቅጡ የምናያት? መልሱን ለማግኘት ትንሽ ወደ ኋላ ሄደን ካሜራ ወደዚህ አገር እንዴት እንደገባ እንይ።

ካሜራው ከማን ጋር መጣ?

ጀርመናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ኤድዋርድ ሩፔል በ1830ዎቹ መጀመሪያ ሰሜን ተራሮችን ሲያቋርጥ ካሜራ የሚባል ነገር ለዓለም ገና አልተዋወቀም። ያየውን በእርሳስ ስሏል፣ የቻለውን እንስሳ ቆዳና አጥንት ወደ ፍራንክፈርት ጭኗል። በ1835 ዋሊያን ለአውሮፓ ሳይንስ «ካፕራ ዋሊ» ብሎ አስተዋወቀው። «አገኘው» ይባላል። የሰሜን ገበሬ ግን ዋሊያን በስሙ ሲጠራው ስንት ዘመኑ! እንዲያውም የሳይንሱ ስም ራሱ ከገበሬው አፍ የተወሰደ ነው።

ፎቶግራፍ በ1839 ፓሪስ ላይ ለዓለም ተበሰረ። ወደ እኛ ለመድረስ ሃያ ዓመት ገደማ ፈጅቶበታል። ካሜራ ይዘው ኢትዮጵያ ከገቡት ቀዳሚዎች አንዱ ሚሲዮናዊው ሄንሪ ስተርን ሲሆን፣ በ1859 እና 1860 በጎንደር አካባቢ ቤተ እስራኤሎች ዘንድ ተዘዋውሯል። መጽሐፉን በ1862 ለንደን ላይ አሳተመ፤ ተመልሶ ሲመጣ አፄ ቴዎድሮስ አሰሩት። ለመታሰሩ አንዱ ምክንያት በዚያ መጽሐፍ ስለ ንጉሡ ትውልድ የጻፈው ነው። ስለ ሰው ጽፎና ፎቶ አንስቶ «እሱ አያየውም» ብሎ መተማመን ያኔም አያዋጣም ነበር ማለት ነው።

ከዚያ የመጣው ካሜራ ደግሞ ከጦር ጋር ነው። በ1867 እና 68 ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር የራሱ ፎቶ አንሺዎች ነበሩት፤ የጦሩ መሐንዲሶች ክፍል አባላት ናቸው። ከቀይ ባሕር ዳርቻ እስከ መቅደላ ሰፈሩን፣ ተራራውን፣ መንገዱን፣ የአካባቢውን ሰው እያነሱ ሄዱ። አፄ ቴዎድሮስ በሕይወት ሳሉ የተነሱት ፎቶ የለንም። የምናውቀው መልካቸው በእጅ የተሳለ ነው፤ ከሥዕሎቹ አንዱ እንዲያውም ከሞቱ በኋላ ፊታቸው ታይቶ የተሳለ ነው። ልጃቸው ልዑል አለማየሁን ግን እንግሊዝ እንደ ደረሰ፣ በዚያው በ1868፣ በዘመኑ ስመ ጥር የነበረችው ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን አንስታዋለች። አባት ያለ ፎቶ ሞቱ፤ ልጅ በባዕድ አገር የካሜራ ሲሳይ ሆነ።

ልብ በሉ፤ እነዚህን ፎቶዎች ጣሏቸው እያልኩ አይደለም። እንዲያውም ተቃራኒውን ነው።

ፎቶ ሲመሰክር

ሁላችንም ትምህርት ቤት የሰማናት ነገር አለች፤ «ከመቶ ዓመት በፊት የኢትዮጵያ 40 በመቶ በደን የተሸፈነ ነበር»። ከመደጋገሟ የተነሳ ማን እንደቆጠረው የሚጠይቅ ጠፋ። እዚህ ላይ የ1868ቱ የጦር ፎቶዎች ያልታሰበ ሥራ ሠሩ። ቤልጂየማዊው የመልክዓ ምድር ተመራማሪ ያን ኒሰንና ባልደረቦቹ የድሮዎቹን ፎቶዎች ይዘው በየተራራው ወጡ፤ ፎቶ አንሺው የቆመባትን ነጥብ እየፈለጉ ከዚያው ቦታ፣ በዚያው አቅጣጫ እንደገና አነሱ። ውጤቱን በ2009 አወጡት። ፎቶዎቹ በተነሱበት መስመር መሬቱ በ1868 ራሱ የተራቆተ ነበር፤ በብዙዎቹ ቦታዎች የዛሬው የዛፍ ሽፋን እንዲያውም ከያኔው ይሻላል። ባሕር ዛፉም፣ የአፈርና ውሃ ጥበቃውም፣ ከከብት የተከለለው ተዳፋትም ተደምሮ ማለት ነው።

«እንግዲያው ደን አልጠፋም» ብሎ ለመደምደም ግን አትቸኩሉ። ደምበጫ አካባቢ፣ ጎጃም ውስጥ፣ ከአውሮፕላን የተነሱ ፎቶዎች ሌላ ታሪክ ነው የሚነግሩን። በ1957 በተነሳው ፎቶ ላይ 27 በመቶ የነበረው የተፈጥሮ ደን በ1982ቱ ላይ ወደ 2 በመቶ ወርዷል፤ በ1995 ደግሞ 0.3 በመቶ ብቻ ነው የተገኘው። አንዱ አካባቢ አገገመ፣ አንዱ አለቀ።

ከዚህ የምንወስዳት ትምህርት ቀላል ናት። ፎቶ ምስክር የሚሆነው የት እና መቼ እንደተነሳ ሲታወቅ ነው። ቦታና ቀን የሌለው ፎቶ ግድግዳ ያሳምር ይሆናል እንጂ ችሎት ፊት አይቆምም።

ፎቶ ሲዋሽ

ካሜራ ቤተ መንግሥትም ገብቷል። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጅያን በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን መጥቶ የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ሆነ፤ ሙያውን ልጆቹ ሃይጋዝና ቶኒ ወርሰው እስከ አፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን አድርሰውታል። ዛሬ የነገሥታቱ ፎቶ እያልን የምንቀባበላቸው ብዙዎቹ ምስሎች ከዚህ ቤት የወጡ ናቸው።

ግን በዚያው ዘመን አንድ ሌላ ፎቶም ሥራ ሠርቷል። ልጅ ኢያሱ በ1916 ከሥልጣን ሲወርድ «ሰልሟል» የሚለውን ክስ ለማጠናከር የሙስሊም ልብስ ለብሶ የሚያሳይ የተቀናበረ ፎቶ እንደተሰራጨ የታሪክ ጸሐፊዎች ይተርካሉ። ፎቶሾፕ ከመፈጠሩ ሰባ ዓመት በፊት! ዛሬ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተሠራ ምስል አይተን ስንደናገጥ፣ በሽታው ድሮም የነበረ መሆኑን ማወቅ ያጽናናል። ወይም ያስፈራል፤ እንደ ሰዉ ነው።

ፎቶ ለመዋሸት ግን የግድ መቀናበር አያስፈልገውም። በፍሬሙ ውስጥ ምን እንደሚገባና ምን እንደሚቀር መምረጥ ብቻ ይበቃዋል። ወደ ጊች የሚመልሰን ይሄ ነው።

ጊች በማን ዓይን?

አዲስ አበባ የተወለደው እንግሊዛዊ ተጓዥ ዊልፍሬድ ቴሲገር በ1960 በሰሜን ተራሮች አልፏል። እስከ 38,000 የሚደርሱ ኔጋቲቮቹ ዛሬ ኦክስፎርድ ውስጥ በፒት ሪቨርስ ሙዚየም ይገኛሉ። ቀጥሎ ጥበቃው መጣ። ክላይቭ ኒኮል ከ1967 እስከ 69 የፓርኩ የመጀመሪያ ዋርደን ሆነ፤ ፓርኩም በ1969 በአዋጅ ተቋቋመ። ስዊሶቹ ተከተሉ፤ ኒቨርገልት ዋሊያን አጠና፣ ሃንስ ሁርኒ ከ1975 እስከ 77 ዋርደን ሆኖ አፈሩ እንዴት እየታጠበ እንደሚሄድ ለካ። በ1973 እና 74 ደግሞ በማሳኦ ካዋይ የሚመሩ ጃፓናውያን እዚያው ጊች ሰፍረው የጭላዳን ኑሮ መዘገቡ፤ የየመንጋውን አባላት አንድ በአንድ እየለዩ።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። በ1970ዎቹ የጊች ጭላዳዎች አንድ በአንድ ተለይተው ተመዝግበዋል። የጊች ገበሬዎችን ግን በፎቶ መግለጫ ላይ በስማቸው የጠራቸው ስንቱ ነው?

በ1978 ዩኔስኮ የመጀመሪያዎቹን 12 የዓለም ቅርሶች ሲመዘግብ ሰሜን ተራሮች ከላሊበላ ጋር ገባ። በዚያው ሰሞን የደርግ መንግሥት በገደሉ ግርጌ የነበሩ መንደሮችን በኃይል አስነሳ። ከዚያ ጦርነት ሆነ። በ1996 ፓርኩ «አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች» መዝገብ ገባ፤ የዋሊያና የቀይ ቀበሮ ቁጥር ማነስ፣ እርሻው፣ የከብት ግጦሹ፣ ፓርኩን ሰንጥቆ የሚያልፈው መንገድ ምክንያት ሆነው ቀረቡ። ከመዝገቡ ለመውጣት ከተጠየቁት ነገሮች መካከል በፓርኩ ውስጥ ያለውን ሰፈራና ግጦሽ መቀነስ ነበረበት። በ2016 ጊች ተነሳች። በ2017 ፓርኩ ከአደጋው መዝገብ ወጣ። ዜናው የምሥራች ሆኖ ተነገረ።

ፍርዱን ለእናንተ እተወዋለሁ፤ ነገሩ በአንድ ወገን ብቻ የሚፈረድ አይደለምና። ግጦሹ በእርግጥ ጓሳውን ጎድቶታል፤ ዋሊያ ደግሞ ከዚህች ምድር ሌላ የትም የለም። በሌላ በኩል ፈረንሳዊው የታሪክ ተመራማሪ ጊዮም ብላን በ2020 ባሳተመው መጽሐፍ ነገሩን ከዚሁ ከጊች ይጀምርና፣ አውሮፓ ገበሬዎቿን «የመልክዓ ምድሩ ባለቤቶች» እያለች ስትሸልም አፍሪካ ላይ ሲሆን ግን ገበሬው እንዲነሳ ትጠይቃለች ይላል። ሥሩም «ሰው ያልነካት አፍሪካ» የሚለው ሕልም ነው ባይ ነው።

እኔ የምጨምረው አንድ ነገር ነው። ያንን ሕልም በዓለም ፊት ያቆመው አዋጅ ብቻ አይደለም፤ ፎቶ ነው። ገደሉን አሳይቶ ገብሱን የተወ፣ ዋሊያውን አቅርቦ ጎጆውን የቆረጠ ፎቶ ሃምሳ ዓመት ሙሉ ሲደጋገም፣ መንደሩ ሳይነሳ በፊት በዓይናችን ውስጥ ቀድሞ ተነስቷል።

ፍትሐዊ ለመሆን ያህል፣ ቆንጆውን ፎቶ ራሱን አልከስም። በ2019 የለንደኑ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም በሚያዘጋጀው የዱር እንስሳት ፎቶ ውድድር፣ ከ15 እስከ 17 ዓመት ባለው ምድብ ያሸነፈው ጣልያናዊው ሪካርዶ ማርኬጂያኒ ነው። የፎቶውም ርእሰ ጉዳይ የሰሜን ተራሮች ጭላዳ ናት፤ ልጇን ሆዷ ላይ አንጠልጥላ በማለዳ ገደሉን ስትወጣ። ልጁ ከንጋት በፊት ጀምሮ በብርድ ጠብቆ ያገኛት ናት። ፎቶዋን ፈልጋችሁ እዩዋት፣ ውብ ናት። ችግሩ የሚመጣው ሌላ ዓይነት ፎቶ ሳይኖረን እንዲህ ዓይነቱ ብቻ ሲሆን ነው።

ታዲያ የማንን እንከተል?

እነሆ የእኔ ዝርዝር። ሁሉም የሰሜን ተራሮች ፎቶ አንሺዎች አይደሉም፤ የመረጥኳቸው ዓይን ስለሚያሠለጥኑ ነው።

ሚካኤል ፀጋዬ። ሠዓሊ ነበር፤ ቀለሙ ለጤናው አልስማማው ሲል ካሜራ አነሳ። የመቃብር ሐውልት ላይ የተለጠፉና ፀሐይና ዝናብ ያደበዘዛቸውን የሟቾች ፎቶዎች ያነሳበት ሥራ አለው፤ ፎቶም እንደ ሰው እንደሚሞት ያሳያል። የአዲስ አበባን መፍረስና መሠራትም በትዕግሥት መዝግቧል። ቦታ ሲጠፋ ምን ማንሳት እንዳለበት ለሚያስብ ሰው መጀመሪያ የሚታይ እሱ ነው።

ሽመልስ ደስታ። ከ1960ዎቹ ጀምሮ የአፄ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ነበር፤ ደርግ ከገባ በኋላም ሠርቶ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ተሰደደ። ፎቶዎቹ በኋላ ለንደን ላይ ለዕይታ በቅተዋል። በአንድ ሰው ካሜራ ሁለት መንግሥት ማየት ከፈለጋችሁ እዚህ ነው።

አይዳ ሙሉነህ። በደማቅ ቀለማት የተቀቡ ፊቶችን ያሳዩን ሥራዎቿ ብቻ ሳይሆኑ፣ በ2010 የጀመረችው አዲስ ፎቶ ፌስት ራሱ የሚከተሉት ነገር ነው። እዚያ የቀረቡትን ስሞች አንድ በአንድ መከተል ብቻ ከአፍሪካ ፎቶ አንሺዎች ጋር ያስተዋውቃችኋል።

ግርማ በርታ። በስልኩ ነው የሠራው፤ በስልኩ! የአዲስ አበባን ሊስትሮ፣ ተሸካሚና መንገደኛ ከነጥላው ቆርጦ በአንድ ወጥ ቀለም ላይ ያቆማቸዋል። በ2016 የጌቲ ኢሜጅስና የኢንስታግራምን ድጋፍ ካሸነፉት አንዱ ሆኗል። «ካሜራ የለኝም» የሚል ሰበብ ያኔ ነው ያበቃው።

ሙሉጌታ አየነ። ለአሶሺየትድ ፕሬስ የሠራ ፎቶ አንሺ ነው። በመጋቢት 2019 ቢሾፍቱ አካባቢ የወደቀውን፣ 157 ሰዎች ያለቁበትን አውሮፕላን ተከትሎ የሐዘንተኞችን ፎቶ አንስቷል፤ በቀጣዩ ዓመት በወርልድ ፕሬስ ፎቶ ለዓመቱ ፎቶ ከታጩት አንዱ ሆኗል። ሐዘንን ሳያዋርዱ ማንሳት እንደሚቻል እዩበት።

ማኅደር ኃይለሥላሴ። የራሷን ሥራ ከመሥራት አልፋ ወጣት ፎቶ አንሺዎች የሚማሩበትንና የሚወያዩበትን የፎቶግራፍ ማዕከል መሥርታለች።

ቪንቴጅ አዲስ አበባ። ሦስት ወጣቶች ከየቤቱ አልበም የሰበሰቧቸው የቤተሰብ ፎቶዎች ናቸው፤ በ2018 መጽሐፍ ሆነዋል። ሠርግ፣ ምረቃ፣ ፎቶ ቤት ውስጥ የተነሳ ጉርድ፣ አፍሮ ጎፈሬ። እኔን ከሁሉም በላይ የሚገርመኝ ይሄኛው ነው፤ ታሪክ ለመጻፍ ታዋቂ ፎቶ አንሺ እንደማያስፈልግ አሳይቷልና።

አዲስ ሰው ስታገኙ ደግሞ አራት ነገር ጠይቁ። ቦታውንና ቀኑን ይጽፋል? የሚያነሳውን ሰው በስሙ ይጠራል? ወደዚያው ቦታ ይመለሳል ወይስ አንድ ቀን አንስቶ ጠፋ? ከፍሬሙ ውጭ ምን አስቀርቷል? አራቱንም የሚያሟላ ብዙ አታገኙም። ሁለቱን ያሟላ ካገኛችሁ ግን አትልቀቁት።

ደባርቅ ያለው አልበም

አሁን ወደ ጊች ሰዎች። ከ2020 ወዲህ መጀመሪያ ወረርሽኙ፣ ቀጥሎ በ2021 እስከ ዳባት የዘለቀው ጦርነት፣ ከ2023 ጀምሮ ደግሞ በክልሉ የተነሳው ግጭት የደባርቅን አስጎብኚ፣ ባለበቅሎና ስካውት እንጀራ ጎድቶታል። ቱሪስት ሲቀር የቱሪስት ካሜራም አብሮ ቀርቷል። ስለዚህ እነዚያ ዓመታት በቦታው ሰው ስልክ ካልተነሱ በማንም አልተነሱም ማለት ነው።

የጊች ፎቶ ደግሞ ፈጽሞ የለም ብዬ አላምንም። ደባርቅ የሰፈሩት ቤተሰቦች ሳጥን ውስጥ የሠርግ ፎቶ ይኖራል። ቱሪስት አንስቶ በፖስታ የላከው ይኖራል። ከጀርባው ሳይታሰብ የጎጆ ጣሪያ፣ የገብስ ክምር፣ የመንደሩ መግቢያ የገባበት ፎቶ ይኖራል። መንደሯ ስትነሳ ሕፃን የነበረ ልጅ ዛሬ ለአቅመ አዳም እየደረሰ ነው፤ የአያቱን ደጅ የሚያውቀው በወሬ ነው። እነዚያን ፎቶዎች ከባለቤቶቹ ፈቃድ ጋር የሚሰበስብ፣ «ይሄ ማነው? ይሄስ የማን ቤት ነበር?» እያለ ሽማግሌዎቹን የሚጠይቅና ከጀርባው የሚጽፍ አንድ ሁለት ወጣት ቢገኝ የቪንቴጅ አዲስ አበባን ሥራ ደባርቅ ላይ መድገም ነው። ወጪው ስልክና ትዕግሥት ነው። ጊዜው ግን አይጠብቅም፤ ሽማግሌ ሲሞት መግለጫውን ይዞት ይሄዳል።

እንግዲህ ልንከተለው ስለሚገባ ፎቶ አንሺ ከጠየቃችሁኝ፣ ዝርዝሬ ላይ አንድ ባዶ መስመር ትቻለሁ። እሱን የሚሞላው ሰው ደባርቅ ነው ያለው፤ ምናልባትም ገና ካሜራ አልገዛም። ስሙን የሰማችሁ ጊዜ ለእኔም ንገሩኝ።